ከኮሙኒቲ ኮሌጅ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ለምትዛወሩ

አሜሪካ ውስጥ ኮሙኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀምራችሁ በኮምፒውተር ሳይንስ ባችለር ዲግሪ ልትጨርሱ ላሰባችሁ፣ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልበላችሁ። «ክሬዲቱ ያልፋል» ሲሏችሁ ደስ ብሏችሁ አትሂዱ፤ «እንደ ምን ሆኖ ነው የሚያልፈው?» በሉ። የፕሮግራሚንግ ኮርሳችሁ እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ከተያዘላችሁ፣ ከክሬዲት ድምሩ ላይ ይገባ ይሆናል እንጂ የዩኒቨርሲቲውን ተመሳሳይ ኮርስ እንደገና ከመውሰድ አያድናችሁም። አንዳንዴ ሰበቡ የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ነው፦ እናንተ በፓይተን ተምራችሁ እነሱ ጃቫ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ ይፈልጋሉ።

ሒሳቡን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ያዙት። ካልኩለስ 1 ሳያልቅ ካልኩለስ 2 አይጀመርም፤ ዳታ ስትራክቸርም (መረጃ በፕሮግራም ውስጥ እንዴት እንደሚደራጅ የሚያስተምረው ኮርስ) ቢሆን የሚደረሰው ፕሮግራሚንጉ በተራው ካለቀ በኋላ ነው። ታሪኩንና እንግሊዝኛውን አስቀድሞ ሒሳቡንና ፕሮግራሚንጉን ለመጨረሻ ያቆየ ሰው፣ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ በእጁ ይዞም ተጨማሪ ዓመት ሊጠብቀው ይችላል። (ቀላሉን ማስቀደም ያጓጓል፣ አውቃለሁ።)

ካሊፎርኒያ ከሆናችሁ አሲስት (assist.org) የተባለውን ነጻ ድረ ገጽ ክፈቱ፤ የትኛው ኮርስ በየትኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምን ተብሎ እንደሚቆጠር ያሳያል። ሌላ ግዛት ያላችሁ ደግሞ የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲ የዝውውር አማካሪ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ ይኑራችሁ። የየኮርሱን ሲላበስም (የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ) አትጣሉ፣ በኋላ ለመከራከር እሱ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተቀበላችሁ ማለት ሁልጊዜ ትምህርት ክፍሉ ተቀበላችሁ ማለት አይደለም። ኮምፒውተር ሳይንስ ለብቻው የሚያጣራባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከማመልከታችሁ በፊት ይህንንም አረጋግጡ።