ዕድሜ ሲገፋ ክብደት ማንሳት፦ ወንዶችም ሴቶችም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕድሜው የገፋ ሰው ከወንበር ሲነሳ ልብ ብለው አይተው ያውቃሉ? መጀመሪያ ወደ ጠርዙ ጠጋ ይላል። ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ ይጭናል። ከዚያ «እህ» ብሎ ይነሳል። «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጭን ጡንቻ መሳሳት ነው። ይህ ደግሞ ክብደት በማንሳት የሚሻሻል ነገር ነው።

«ለእኔ ጊዜው አልፏል» ማለት። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከ60 በኋላ ደግሞ ይብሳል። ጉልበት ከጡንቻው መጠን ቀድሞ ይከዳል። ግን መመለስ ይቻላል። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ 90 ዓመት አካባቢ የሆኑ ሰዎችን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት አሠራ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በ90 ዓመት ከተቻለ በ55 «አልፎብኛል» ማለት በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ሴቶች «ወንድ እመስላለሁ» ብለው መፍራታቸው። በጣም የማዝንበት ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ክብደት ማንሳት ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው። የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል። አጥንትን ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። ጡንቻ ሲጎትተውና ጭነት ሲያርፍበት ግን አጥንት ራሱን ያጠነክራል። በአውስትራሊያ በተደረገ ጥናት አጥንታቸው የሳሳ፣ ያረጡ ሴቶች በአሰልጣኝ ቁጥጥር በሳምንት ሁለት ቀን ለ30 ደቂቃ ከባድ ክብደት አነሱ። ከ8 ወር በኋላ የጀርባ አጥንታቸው ጥግግት ጨምሮ ተገኘ። ወንድ መምሰሉስ? ጡንቻን የሚያገዝፈው ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ በሴት ከወንድ በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ጡንቻዋ እንዲያ አይገዝፍም። ጉልበቷ ግን ከመነሻዋ አንጻር ሲሰላ ከወንዱ ባልተናነሰ ያድጋል።

ወንዶች እንደ 25 ዓመታቸው መሥራታቸው። የወንድ ቴስቶስትሮን እንደ ሴቷ ሆርሞን በአንዴ አይወርድም፤ በዓመት 1 በመቶ ገደማ እያለ ቀስ ብሎ ይቀንሳል። ለውጡ ስለማይሰማቸው ድሮ ያነሱትን ብረት ዛሬም ካላነሳን ይላሉ። ጡንቻ ቶሎ ይለምዳል፤ ጅማት ግን ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ትከሻና ወገብ የሚጎዳው በዚህ መሃል ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም የሚያስችል አቅም እያለ ማቆም ይሻላል። ትንፋሽ አፍኖ መግፋትም የደም ግፊትን በአንዴ ያሻቅባል። ሲያነሱ ያስወጡ፣ ሲያወርዱ ይሳቡ። ደግሞ ደረትና ክንድ ብቻ ሠርቶ እግርን መተው ይቅር። ደረጃ የሚወጣው እግር ነው!

«እርምጃ ይበቃኛል» ማለት። እርምጃ ለልብ ጥሩ ነው። ጡንቻና አጥንትን ለማጠንከር ግን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከእርምጃው በተጨማሪ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል።

ምግብን መርሳት። ዕድሜ ሲጨምር የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ፕሮቲንም አብሮ ይቀንሳል። ጤነኛ አረጋዊ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይመከራል። የኩላሊት ሕመም ያለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ ግፊት ያለበትም ክብደት ከመጀመሩ በፊት እንዲሁ።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ክብደት ማንሳት። ጡንቻ የሚያድገው ሲከብደው ነው። 12 ጊዜ ያለ ችግር ካነሱት ትንሽ ይጨምሩ። ቤት ውስጥም ይቻላል። በወንበር ቁጭ ብድግ ይጀምሩ፣ በእጅ እየተደገፉ። ሲቀልዎት እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ይነሱ። እሱም ሲቀልዎት ሁለት የውሃ ጠርሙስ ይያዙ።