የዳህሊያ ሥር ከውርጭ እንዲተርፍ

ዳህሊያ የተባለውን አበባ የምትተክሉ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ውርጭ ቅጠሉን ሲያጠቁረው አትደንግጡ። ከላይ ያለው ቢሞትም ድንች መሰሉ ሥር ገና ሕያው ነው። መሬቱ በብርድ ደርቆ ከመጠጠሩ በፊት ግን መውጣት አለበት።

ግንዱን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ዙሪያውን ቆፍሩና ከሥር ወደ ላይ በቀስታ አንሡት። ግንዱን ይዞ መጎተት ፈጽሞ አይሆንም! የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያ የሚወጣው ከወፍራሙ ሥር ሳይሆን ሥሩ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ከአንገቱ ጫፍ ነው፤ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ትንሽ እብጠት የምትመስል ዓይን ታገኛላችሁ። አንገቱ ከተቀነጠሰ ሥሩ የቱንም ያህል ቢወፍር አይበቅልም። እንዲህ ያለ ያማረ ሥር በጥድፊያ ሲሰበር ማየት ያሳዝነኛል።

አፈሩን አራግፉ። የግንዱ ውስጥ ክፍት ስለሆነ ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ተዘቅዝቆ ይጠንፍፍ። ቀጥሎ ካርቶን ውስጥ በትንሹ እርጥበት ባለው ሰጋቱራ ሸፍናችሁ፣ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጨለማ ቦታ አኑሩት። የታሰረ ላስቲክ ያሻግተዋል። የአበባውን ቀለም ጽፋችሁ እሰሩበት፤ ከአፈር ሲወጡ ሁሉም ይመሳሰላሉ።

በወር አንድ ጊዜ በጣታችሁ ጫን እያላችሁ እዩት። ጠንካራ ከሆነ ደኅና ነው። ከለሰለሰ የበሰበሰውን በንጹሕ ቢላዋ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ከተጨማደደ ደግሞ ሰጋቱራው ላይ ጥቂት ውሃ እርጩበት።