የሃንጋሪውን ፊያት ሲ.አር. 42 ሞዴል እንዴት መሥራት ይቻላል?

ፊያት ሲ.አር. 42 ሃንጋሪ ከጣሊያን ገዝታ እ.ኤ.አ. በ1941 በዩጎዝላቪያ፣ ከዚያም በሶቪየት ግንባር ያሰለፈችው ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ክንፉ ድርብ፣ ኮክፒቱ (የአብራሪው መቀመጫ) ክፍት፣ እግሩ የማይታጠፍ፤ በዚያ ጊዜ ያረጀ አውሮፕላን ቢሆንም ለዓይን ያምራል። በዚያው ዘመን ጣሊያኖች ይህንኑ ዓይነት በኤርትራና በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ይዋጉበት ነበር። እኔም መጀመሪያ ልቤ የተሳበው በዚህ ነው።

ተገጣጣሚውን የፕላስቲክ ሞዴል በ1/72 መጠን ምረጡ፤ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። የእውነተኛው አውሮፕላን የላይኛው ክንፍ 9.70 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 13.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መደርደሪያ አይፈጅም። የሚያስፈልጋችሁ ስለታም ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጭን ብሩሽ እና ፈሳሽ የፕላስቲክ ሙጫ ነው። በተለያየ ስም የሚሸጡትን ውድ መሣሪያዎች ለጊዜው ተዉአቸው። ስቴኪኒ ብቻውን የግማሾቹን ሥራ ይሠራል።

ኮክፒቱን ቀብታችሁ አካሉን ግጠሙ፤ የታችኛውን ክንፍና ጅራቱንም አያይዙ። ክፍሎቹ የተገናኙበትን መስመር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።

አሁን ቁሙ! የላይኛውን ክንፍ ለማጣበቅ እጃችሁ ቢበላችሁም ገና ነው። ሁለቱ ክንፎች ከተገጣጠሙ በኋላ ብሩሽ መሃላቸው አይገባም። ስለዚህ ሁሉንም ለየብቻ ቀቡ፤ ከታች ግራጫ፣ ከላይ አሸዋማ ቢጫ፣ በላዩ ላይ አረንጓዴና ቡናማ ነጠብጣብ። ነጠብጣቡን ከብሩሽ ይልቅ በተቆረሰ ስፖንጅ ጫፍ መንካት ይሻላል። ሙጫ የሚነካውን ቦታ ግን ቀለም እንዳይደርስበት ተጠንቀቁ፤ ይህ ሙጫ የሚይዘው ፕላስቲኩን በማቅለጥ እንጂ ቀለም ላይ አይጣበቅም።

ምልክቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1941 የሃንጋሪ አውሮፕላኖች የሰንደቅ ዓላማቸውን ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ በቀስት ጫፍ ቅርጽ ይዘው ነበር፤ ጅራታቸውም በእነዚሁ ቀለሞች የተሸነሸነ ነው። በጥቁር ካሬ ላይ ያለው ነጭ መስቀል የመጣው በ1942 ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ምልክቶቹ የታተሙበትን ተለጣፊ ከመለጠፋችሁ በፊት የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ቀቡ፤ ሻካራ ቀለም ላይ ከለጠፋችሁት ከሥሩ አየር ይይዝና እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል።

ወደ ላይኛው ክንፍ እንመለስ። የመጀመሪያዬን የሠራሁት በሱፐር ግሉ ነበር፤ ቶሎ ልገላገል ብዬ። በሰኮንዶች ውስጥ ያዘ፤ ከፊት ሳየው ክንፉ እንደ ሰካራም ባርኔጣ ወደ ግራ አዘንብሏል። ላቃና ስጎትተው ሁለቱን ክንፎች ከሚያያይዙት ምሰሶዎች ሦስቱ ተሰበሩ። እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። የላይኛውን ክንፍ ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ በሁለት መጽሐፍ መሃል አጋድመዋለሁ። ምሰሶዎቹን በዝግታ በሚደርቅ ሙጫ ክንፉ ላይ አቆማቸውና ሙጫው ገና ሳይደርቅ አካሉን ገልብጬ ሳላጣብቅ እጭንባቸዋለሁ፤ ቀዳዳቸውን ራሳቸው ያገኛሉ። ከፊት ዓይኔን በጠረጴዛው ልክ ዝቅ አድርጌ አያለሁ፦ ሁለቱ ክንፎች በግራም በቀኝም እኩል መራራቅ አለባቸው። ካልሆነ አንዱን ጎን በታጠፈ ካርቶን ደገፍ ማድረግ ነው። ከዚያ በየመገናኛው በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ ሙጫ አስነክቼ አሳድረዋለሁ። ማታ ሠርታችሁ ጠዋት እዩት እንጂ በየሰዓቱ አትነካኩት።

ደግነቱ የዚህ አውሮፕላን ምሰሶዎች ሰያፍ ሆነው ራሳቸውን የሚደግፉ ናቸው። እንደ ሌሎች ድርብ ክንፎች በየመሃሉ ሽቦ መወጠር የለባችሁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድርብ ክንፍ ለሚሠራ የምመክረውም ለዚህ ነው።

ጎማዎቹን ግጠሙ፣ ማብለጭለጩን በሚያደበዝዝ ቬርኒሽ ጨርሱ። ፕሮፔለሩን መጨረሻ ላይ ያለ ሙጫ ሰኩት፤ ሲነካ ከመሰበር ይወልቃል፣ እፍ ሲሉትም ይዞራል።