ስልክ ላይ ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ እባካችሁ ሁለት ነጥቧን ተዉልኝ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልሠራ አለኝ።» ዓይኑ ቀልቷል። ኮዱን አየሁት። አምስት መስመር ናት፤ በዓይን ሲያዩዋት ምንም ስህተት የለባትም። ኤረሩን (ስልኩ ያወጣውን የስህተት መልእክት) ሳየው ግን መጨረሻው ላይ 1361 ይላል። ሳቄ መጣ።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት እግዜር ይወቀው። ልጁ በፓይተን (ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው) «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል ሁኔታ ጽፎ መስመሩን በአማርኛው ሁለት ነጥብ (፡) ዘግቶታል። ፓይተን የሚፈልገው የእንግሊዝኛውን ኮለን (:) ነው። ስክሪን ላይ መንትያ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን አንዱ ምልክት ሌላውን አያውቀውም። እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ የሚያሳየውን መልእክት በአማርኛ ለመጻፍ ኪቦርዱን ትቀይራላችሁ። ከዚያ መመለስ ትረሱና በዚያው ኪቦርድ ትቀጥላላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አዲሶቹ ፓይተኖች የማያውቁትን ምልክት ቁጥሩን ጭምር ይነግሯችኋል። 1361 ካለ ሁለት ነጥብ ናት፤ አጥፍታችሁ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ጻፏት። ኤረሩን አንብቡ! ቀይ ስላዩ ብቻ ስልክ መዝጋት ምን የሚሉት ነው?

ሁለተኛው የሚያናድደኝም የሚያሳዝነኝም ነው። ፓይተን 3 ተለዋዋጮችን (ቁጥር ወይም ጽሑፍ የምናስቀምጥባቸውን ስሞች) በፊደላችን መሰየም ይፈቅዳል። ደስ ይላል። ግን አንዲት ጎበዝ ልጅ የእናቷን የዓሣ ሽያጭ የምታሰላበት ፕሮግራም ሠርታ ድምሩ ሁልጊዜ ዜሮ ሆነባት። ኤረር የለም፤ ዝም ብሎ ዜሮ። ላይ «ዓሣ» ዜሮ ብላ ጀምራ፣ መሃል «ዓሣ» ላይ የደመረችውን «አሳ» ውስጥ ታስቀምጥና፣ መጨረሻ «ዓሣ»ን ታሳያለች። ለእኛ ያው ቆሮሶ፣ ያው ዓሣ ነው። ለፓይተን ግን ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ አሳ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአማርኛ መሰየም ከፈለጋችሁ አጻጻፉን አንዴ ወስኑና ከዚያ በኋላ ኮፒ እያደረጋችሁ ለጥፉ። እኔ በላቲን ነው የምሰይመው። ሰነፍ በሉኝ።

ቃል በራሱ የሚያርመው ኦቶኮሬክት ይጥፋ። የመስመሩን መጀመሪያ ትልቅ ፊደል የሚያደርገውም ይጥፋ፤ ፕሪንት (ጽሑፍ የሚያሳየው ትእዛዝ) በትልቁ ፒ ሲጀምር ፓይተን አያውቀውም። ጠምዛዛ የጥቅስ ምልክት የሚያስገባውም እንደዚያው።

ኮድ በስክሪንሾት አትላኩልኝ። ቴሌግራም ላይ እንደ ጽሑፍ ስትለጥፉትም ገብ ገብ ያሉት መስመሮች ሊበላሹ ይችላሉ። ፋይሉን ራሱን ላኩ።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ተርመክስ (ስልክ ላይ ኮድ የሚጻፍበትና የሚሮጥበት አፕ ነው) ላይ ሦስት ወር የሠራሁት ነገር ነበረኝ። ስልኬ «ቦታ የለም» ሲለኝ፣ አጥፍቼ መልሼ እጭነዋለሁ ብዬ ተርመክስን አጠፋሁት። መልሼ ጫንኩት። ባዶ ቤት። ተርመክስ የእናንተን ፋይል የሚያስቀምጠው በራሱ ጓዳ ውስጥ ነው፤ አፑ ሲጠፋ ጓዳውም አብሮ ይጠፋል። ዳታውን ስታጸዱትም ያው ነው። ያን ቀን ራት አልበላሁም። ስለዚህ ኔት ስታገኙ ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ላይ ጫኑት። ኔት ከሌለ ቢያንስ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርጉ። መብራትና ኔት በየተራ በሚጠፉበት ከተማ «ነገ አስቀምጠዋለሁ» አይሠራም።

በአውራ ጣት ብቻ የምትሠቃዩትም አላችሁ። ተርመክስ ላይ የድምፅ መቀነሻው ቁልፍ እንደ ኮምፒውተር ኪቦርዱ ኮንትሮል (Ctrl) ሆኖ ይሠራል፤ እሱን ይዛችሁ ሲን (C) ስትነኩ የሚሮጠው ፕሮግራም ይቆማል። የኦቲጂ ገመድ (ስልክን ከዩኤስቢ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ) ካገኛችሁ ደግሞ የዴስክቶፕ ኪቦርድ ሰኩበት። አብዛኛው ስልክ ይቀበላል። ጓደኞቻችሁ ይስቁባችሁ ይሆናል፤ ይሳቁ።

ያ የቅዳሜው ልጅ ትናንት ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ 1363 ይላል።»

«እና?»

ትንሽ ዝም አለ። «ነጠላ ሰረዝ ናት አይደል?» ብሎ ሳልመልስለት ዘጋው።