ጉበት የደረሰ የደንዳኔ ካንሰር፦ የጂን ምርመራው ውጤትና የታማሚው ሁኔታ አልገናኝ ሲሉ

የትልቁ አንጀት ካንሰር ሲሰራጭ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። አንዱ ምክንያት የደም ሥሮቹ አቀማመጥ ነው፤ ከደንዳኔና ከላይኛው ሬክተም የሚወጣው ደም በፖርታል ደም መልስ ተሰብስቦ ጉበት ውስጥ ሳያልፍ ወደ ልብ አይመለስም። የታችኛው ሬክተም ደም ከፊሉ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ የዚያ ስፍራ ካንሰር ጉበትን ዘሎ ሳንባ ላይ ሊታይ ይችላል። ደም ሥሩ የሚያስረዳው ግን ሴሉ እንዴት እንደደረሰ ብቻ ነው። ደርሶ ለምን እንዳልሞተ የሚናገሩት ጂኖቹ ናቸው። ኤፒሲ ሲበላሽ ፖሊፕ ይጀምራል፣ የተለወጠ ኬራስ «እደግ» የሚለውን ትእዛዝ ሳያቋርጥ ይልካል፣ ቲፒ53 ሲጠፋ የተበላሸ ሴል ራሱን ማጥፋቱ ይቀራል፣ ስማድ4 ሲጎድል የቲጂኤፍ-ቤታ ቁጥጥር ይላላል።

ለጉበት ብቻ የተለየ አንድ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ግን እስካሁን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2001 ፒአርኤል-3 የተባለው ጂን በተመረመሩት 18 የጉበት ስርጭቶች ሁሉ ከመጠን በላይ ሲሠራ ተገኝቶ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን መድኃኒት የሚመረጥበት ምርመራ አልሆነም። ሕክምናውን የሚወስኑት ኬራስ፣ ኤንራስ፣ ብራፍ፣ ሄር2 እና አራቱ የኤምኤምአር ፕሮቲኖች (የዲኤንኤ የቅጂ ስህተት የሚያርሙት) ናቸው። ከዚህ በታች ያለው እነዚህን ሲያስመረምሩና ውጤቱን ሲጠቀሙበት የሚገጥሙ ችግሮች ናቸው።

«ዲኤንኤው አልበቃም» ወይም «ምርመራው አልተሳካም» የሚል መልስ መጣ

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከጂን ላቦራቶሪው አይደለም፤ ናሙናው ከተቆረጠበት ክፍል ይጀምራል። ሥጋው ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ሳይነካው ሰዓታት ከቆየ ዲኤንኤው መበጣጠስ ይጀምራል። ሁለተኛው ጥፋት ፎርማሊኑ ራሱ ነው። ከ37 እስከ 40 በመቶ የሆነው ያልቀጠነ ፎርማሊን በውሃ ብቻ ቀጥኖ ጥቅም ላይ ከዋለ፣ እየቆየ ፎርሚክ አሲድ ያፈራል፤ አሲዱም ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል። ሦስተኛው የቀን ስሌት ነው፦ ዓርብ ጠዋት ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና ሰኞ በዓል ሆኖ ማክሰኞ ጠዋት ከወጣ 96 ሰዓት ሞላው ማለት ነው።

ባፈር (አሲድነቱን የሚቆጣጠር ጨው) ያለው ፎርማሊን ለማዘጋጀት 100 ሚሊ ሊትር ያልቀጠነ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት (ሞኖሃይድሬቱ) እና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት ይበቃል። ፒኤቹ 7 አካባቢ መሆኑን ለክተው ይጠቀሙ። ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ የፎርማሊኑ መጠን የሥጋውን 10 እጥፍ ይሁን፤ ቆይታው ከ6 ሰዓት አይነስ፣ ከ72 ሰዓት አይብለጥ። ትልቅ የጉበት ቁራጭ ሳይሰነጠቅ እቃው ውስጥ ከተጣለ ፎርማሊኑ መሃሉ ጋ እስኪደርስ መሃሉ ይበሰብሳል። ስለዚህ በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተቆራርጦ ይግባ። የተገባበትና የወጣበት ሰዓት ማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ ይህች አንድ መስመር የብዙ ሰው ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

አንድ ጊዜ የተበላሸ ብሎክ (በሰም የተቀበረ ናሙና) አይጠገንም። መጀመሪያ የአንጀቱን ዕጢ ብሎክ ይፈልጉ፤ ኬራስና ኤንራስ በአንጀቱና በጉበቱ ዕጢ መካከል ከ10 ጊዜ ከ9 በላይ ይመሳሰላሉ። እሱም ከሌለ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮችን የሚያባዛ ምርመራ ይመረጣል፣ ወይም ወደ ደም ይኬዳል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፎርማሊን ሳይቶሲንን ወደ ዩራሲል ይለውጣል፤ መሣሪያው ይህን የሲ ወደ ቲ ወይም የጂ ወደ ኤ ለውጥ አድርጎ ያነበዋል። ኬራስ ጂ12ዲ እና ጂ13ዲ ደግሞ በትክክል የጂ ወደ ኤ ለውጦች ናቸው። ስለዚህ ከአሮጌ ብሎክ በ2 ወይም በ3 በመቶ ብቻ የታየ ጂ12ዲ ሳይደገም አይታመንም። ዲኤንኤው እንደገና ከብሎኩ ይወጣል፣ በዩራሲል ግላይኮሲሌዝ ኢንዛይም ይታከማል፣ ከዚያ ይነበባል።

ውጤቱ «ራስ ዋይልድ ታይፕ» (ኬራስና ኤንራስ አልተለወጡም) ይላል፤ ሴቱክሲማብ ወይም ፓኒቱሙማብ ተሰጠ፤ ዕጢው ግን አደገ

ሴቱክሲማብም ፓኒቱሙማብም የሴሉን የውጭ በር፣ ማለትም ኢጂኤፍአርን፣ ይዘጋሉ። ትእዛዙ ከበሩ ወዲያ፣ ከውስጥ፣ የሚነሳ ከሆነ በሩ ቢዘጋ ለውጥ የለም። «ሚውቴሽን አልተገኘም» ማለት ደግሞ «የለም» ማለት አይደለም፤ ወረቀቱን በሚከተለው ቅደም ተከተል መልሰው ያንብቡት።

የትኞቹ ኮዶኖች (በጂኑ ላይ ቁጥር ያላቸው ስፍራዎች) ታዩ? ኮዶን 12 እና 13 ብቻ ከሆኑ ምርመራው ግማሽ ነው። ሙሉ የሚባለው በኬራስም በኤንራስም ላይ 12፣ 13፣ 59፣ 61፣ 117 እና 146 ሲታዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የፓኒቱሙማብ ጥናት ዳግም ትንተና ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ በኬራስ ኤክሶን 2 (ኮዶን 12 እና 13 ባሉበት የጂኑ ክፍል) ላይ ለውጥ የለባቸውም ከተባሉት 17 በመቶው ሌላ የራስ ሚውቴሽን ነበራቸው። የራስ ጂናቸው የተለወጠባቸው ታማሚዎች መድኃኒቱ ኦክሳሊፕላቲን ካለበት ኪሞ ጋር ሲሰጣቸው ካልተሰጣቸው ያነሰ ኖሩ። ስለዚህ ጉዳዩ ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም።

ስንት በመቶ የዕጢ ሴል ነበረው? ስሌቱ ቀላል ነው። ስላይዱ ላይ 20 በመቶው የዕጢ ሴል ከሆነና ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች አንዱ ብቻ ከተለወጠ፣ የተለወጠው ዲኤንኤ ከጠቅላላው 10 በመቶ ነው። ሳንገር ሲኩዌንሲንግ የተባለው የቆየ የዲኤንኤ ንባብ ዘዴ ከ15 እስከ 20 በመቶ በታች ያለውን አያይም፤ በዚህ ናሙና ላይ «የለም» ማለቱ አይቀርም። ኪሞ ከወሰደ ሰው የተቆረጠ የጉበት ዕጢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባሳ፣ ሙከስና የሞተ ሥጋ ነው። መላው ይህ ነው፦ ፓቶሎጂስቱ በኤች ኤንድ ኢ (በተለመደው ማቅለሚያ) የተቀለመው ስላይድ ላይ ሕያው ዕጢ ያለበትን ስፍራ በማርከር ይከብባል፤ ቴክኒሺያኑ ያልተቀለመውን ስላይድ በላዩ ደርቦ፣ ከክቡ ውስጥ ያለውን ብቻ በስካልፔል ፍቆ ቱቦ ውስጥ ይጨምራል። ከ5 እስከ 10 ስላይድ በዚህ መንገድ ሲፋቅ 15 በመቶ የነበረው ናሙና 50 በመቶ ሊደርስ ይችላል። መሣሪያ ከመግዛት በፊት ማርከርና ምላጭ።

ሁለቱም ጥያቄ በትክክል ከተመለሰ፣ ዕጢው የተነሳው ከየት እንደሆነ ይጠይቁ። ከሴከም (ከደንዳኔ መጀመሪያ) ተነስቶ ጣፊያ አጠገብ ያለው መታጠፊያ ድረስ ያለው የቀኝ ደንዳኔ፣ ራስ ባይለወጥም ለእነዚህ መድኃኒቶች ደካማ ምላሽ ይሰጣል። ከዚያ ብራፍና ሄር2 ይታያሉ። ሄር2 የበዛባቸው ከጥቂት በመቶ አይበልጡም፤ ሲገኝ ግን የራስ ጂኑ ባልተለወጠ ሰው ላይ ትራስቱዙማብና ቱካቲኒብ አብረው ይሰጣሉ።

መድኃኒቱን ከኪሳቸው ለሚገዙ ቤተሰቦች ይህ ምርመራ ከሁሉ በፊት መምጣት አለበት። መኪና ተሸጦ የተገዛ ሴቱክሲማብ በኮዶን 146 ለውጥ ምክንያት ከንቱ ሲሆን ከማየት፣ ለሙሉው ምርመራ መክፈል ይረክሳል።

መድኃኒቱ ሠርቶ ነበር፤ ከወራት በኋላ ቆመ

ጥቂት የኬራስ፣ የኤንራስ ወይም የኢጂኤፍአር ሚውቴሽን የያዙ ሴሎች መድኃኒቱ ሌላውን ሲያጠፋ ሜዳው ለእነሱ ይለቀቃል። የድሮውን ብሎክ ማስመርመር ይህን አያሳይም፤ የዛሬ ደም ያስፈልጋል። ደሙ በተራ ኢዲቲኤ ቱቦ ከተቀዳ በ4 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው ካልተለየ ነጭ የደም ሴሎች እየፈነዱ የዕጢውን ዲኤንኤ በራሳቸው ይሸፍኑታል። ርቆ የሚላክ ከሆነ ሴል የሚጠብቅ ልዩ ቱቦ ይጠቀሙ፤ ፍሪጅ ሳይገባ በክፍል ሙቀት ቀናት ይቆያል።

ደሙ «አልተገኘም» ካለ ያው ጥያቄ ይመለሳል። በታማሚው ዕጢ ላይ ቀድሞ የታየው የኤፒሲ ወይም የቲፒ53 ለውጥ ደሙ ላይ ታይቷል ወይ? እሱ ከታየና ኬራስ ከጠፋ፣ ውጤቱ እውነተኛ «የለም» ነው። ሁለቱም ካልታዩ ደሙ ውስጥ የዕጢ ዲኤንኤ ስላልነበረ ወረቀቱ ምንም አልተናገረም። የጉበት ስርጭት ዲኤንኤ ወደ ደም በብዛት ይለቃል፤ ሳንባ ላይ ወይም የሆድ ሽፋን ላይ ብቻ ያለ ግን ቆጣቢ ነው።

መድኃኒቱ ከተቋረጠ እነዚህ ሚውቴሽኖች ከደሙ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ በየ4 ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳሉ። ደሙ ንጹህ መሆኑ ተረጋግጦ ፓኒቱሙማብ ዳግም በተሰጠበት አነስተኛ ጥናት ከ27 ታማሚዎች 30 በመቶው ዕጢያቸው ቀንሷል። እየገመቱ መመለስና ለክቶ መመለስ አንድ አይደሉም።

ብራፍ ቪ600ኢ (አንድ የብራፍ ጂን ለውጥ) ተገኘ፤ የሜላኖማው መድኃኒት ግን አልሠራም

የብራፍ ማገጃ ብቻውን ሜላኖማን (አንድ የቆዳ ካንሰር) ያሟሽሻል፤ አንጀት ላይ ግን ከ20 ታማሚ አንዱን ቢረዳ ነው። ብራፍ ሲታገድ የአንጀት ሴል ወዲያው ኢጂኤፍአርን ይቀሰቅሳል፤ ሜላኖማ ያ ተቀባይ እምብዛም የለውም። ስለዚህ የብራፍ ማገጃው ኤንኮራፌኒብ ከሴቱክሲማብ ጋር ይጣመራል።

የኤምኤምአር ቀለም አልታይ አለ

ኤምኤልኤች1 እና ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6 ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጠፋሉ። «ጠፍቷል» ከማለት በፊት አጠገቡ ያሉት ጤነኛ ሊምፎሳይቶችና የስትሮማ (የደጋፊ ሥጋ) ሴሎች መቀለማቸውን ይዩ። እነሱም ካልቀለሙ የጠፋው ቀለሙ እንጂ ፕሮቲኑ አይደለም፤ ይደገማል። ኤምኤልኤች1 በእርግጥ ጠፍቶ ብራፍ ቪ600ኢ ከተገኘ ጉዳዩ በዘር የመጣ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው፤ ብራፍ ካልተለወጠ ሊንች ሲንድሮም (በዘር የሚተላለፈው ዓይነት) ሊሆን ስለሚችል ወንድምና እህትም ይጠየቃሉ።

ከተሰራጩት ካንሰሮች ከ4 እስከ 5 በመቶው ብቻ ይህ ጉድለት አለባቸው፤ ላለባቸው ግን ትልቅ ነገር ነው። የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃው ፔምብሮሊዙማብ በመጀመሪያ ሕክምናነት በሽታውን በአማካይ 16.5 ወር ሲያቆመው ኪሞ 8.2 ወር ነው ያቆመው። ጉድለቱ ለሌላቸው መድኃኒቱ አይሠራም፤ ጉበታቸው ላይ ስርጭት ካለ ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ ያሉ ማክሮፋጆች የመጡትን ቲ-ሴሎች ይገድላሉና።

ቤቫሲዙማብ ተጨምሮም የጉበቱ ዕጢ አልቀነሰም

መድኃኒቱ አዲስ ደም ሥር እንዳይበቅል ይከለክላል። አንዳንድ የጉበት ስርጭት ግን አዲስ ደም ሥር አያስፈልገውም፤ የጉበትን ሴሎች እየተካ በነበሩት ሳይኑሶይዶች (በጉበቱ ቀጫጭን ደም ሥሮች) ይጠቀማል። ፓቶሎጂስቱ ይህን የሚያየው የዕጢው ጠርዝ ላይ ነው፦ በዕጢውና በጉበቱ መካከል የጠባሳ ግድግዳ ከሌለና ሴሎቹ በተርታ ከተቀላቀሉ የመተካት ዓይነት ነው። ለዚህ የሚሆን የተለየ መድኃኒት ባይኖርም፣ ከተቆረጠ ናሙና ላይ ጠርዙን አጥንቶ መጻፍ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ሲኢኤ (ዕጢው ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን) እየጨመረ ነው፤ ሲቲው ግን ንጹህ ነው

መጀመሪያ በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው ኪት ይድገሙ፤ ኪት ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። የሚያጨስ ሰው እስከ 5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሊኖረው ይችላል። ሲኢኤን ከደም የሚያጸዳው ጉበት ስለሆነ የጉበት በሽታ ራሱ ያስጨምረዋል፤ ኦክሳሊፕላቲን ከተጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታትም ያለ በሽታ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ ሁሉ ካልሆነ፣ ሲቲው ያላየው ነገር አለ ማለት ነው። ከኪሞ በኋላ ስብ የሞላ ጉበት ትንንሽ ዕጢዎችን ይደብቃል፤ ጋዶክሴቴት በተባለው ማቅለሚያ የሚሠራ ኤምአርአይ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ያሉትን ሳይቀር ያወጣል። ሙከስ የበዛበት ዕጢ በፔት-ሲቲም ስለማይደምቅ በዚያ ብቻ ተማምኖ «የለም» አይባልም።

ጉበት ላይ አዲስ ነገር ሲታይ ደግሞ ሁሉ ከአንጀት መጣ አይባልም። በአገራችን የአሜባ መግል፣ የሃይዳቲድ ከረጢትና በሄፓታይተስ ቢ የሚመጣ የጉበት ካንሰርም አሉ። ከረጢት ከመሰለ ሃይዳቲድ አለመሆኑ ሳይጣራ መርፌ አይግባ። ጠጣር ከሆነ ባዮፕሲው ላይ ሲኬ20 እና ሲዲኤክስ2 የተባሉት ፕሮቲኖች ቀልመው ሲኬ7 ካልቀለመ ምንጩ አንጀት የመሆኑ ነገር ይጠነክራል፤ አርጂኔዝ-1 ከቀለመ ምንጩ ጉበቱ ራሱ ነው።