ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሆኖ በዳሌ ወለል ጤና ላይ መሥራት፦ ወሎ ላይ ከየት ይጀመራል?

«የዳሌ ወለል ቴራፒስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እስኪለጠፍ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። የዳሌ ወለል ማለት ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ከታች ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ደግሞ ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲሠራ የሚረዳ የተሃድሶ ባለሙያ ነው። ሥራው ግን ያለ ማስታወቂያም በየክፍሉ አለ። ስታስል ሽንት የሚያመልጣት እናት ልጇን ለማስከተብ ትመጣለች፤ ማህፀኗ የወረደባት የማህፀንና ጽንስ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ወረፋ ይዛለች፤ አከርካሪው ተጎድቶ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወጣት አልጋ ይዞ ተኝቷል። ደሴ፣ ቦሩ ሜዳ ወይም ወልዲያ ሆስፒታል ውስጥ በዚህ ዘርፍ ሙያ መገንባት ማለት በመጀመሪያ እነዚህን ታካሚዎች ወደ እናንተ የሚያመጣ መንገድ መክፈት ነው። የስፔሻሊቲ ምስክር ወረቀት ከዚያ በኋላ ቢመጣ ይሻላል። ታካሚ ሳይኖር የተወሰደ ኮርስ በስድስት ወር ይረሳል።

በአገራችን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ የተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ዲግሪውንና የሙያ ፈቃዱን ከያዛችሁ በኋላ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ዓመት በጠቅላላ ተሃድሶ ላይ አሳልፉ። በተለይ የአከርካሪና የስትሮክ ታካሚዎችን አትሽሹ፤ ስለ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ)፣ ስለ ሆድ ድርቀት፣ ስለ አልጋ ቁስልና ስለ ሽንት ሰዓት የሚማሩት ከእነሱ ነው። ጎን ለጎን የዳሌ ወለሉን ዋና ክፍል የሚሠራውን፣ ሌቫተር አናይ የሚባለውን የጡንቻ ክምችትና ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳክራል (የአከርካሪ ግርጌ) ነርቭ የሚነሳውን፣ አካባቢውን የሚያገለግለውን ፑደንዳል ነርቭ ሥዕሉን ሳታዩ መሳል እስክትችሉ አጥኑ። በዲግሪው ትምህርት ላይ ይህ ክፍል በጥቂት ገጽ ሊታለፍ ይችላል።

ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ያለውን ድንበር ገና ከጅምሩ ተነጋገሩበት፤ ካልሆነ ቅሬታ ይመጣል። የጡንቻውን ጥንካሬ መለካትና ማሠልጠን ሁለቱም የሚጋሩት ነው። የእናንተ የብቻ ድርሻ ታካሚዋ በቀን ውስጥ የምትሠራውን ሥራ ማየት ነው፤ ምን ታነሳለች፣ እንዴት ትጎነበሳለች፣ የት ትሸናለች፣ ምንስ ትታለች? የውስጥ ምርመራን በተመለከተ ግን ቸኩላችሁ አትግቡ። በአሠልጣኝ ፊት ሳትለማመዱ፣ ሆስፒታሉ በጽሑፍ ሳይፈቅድላችሁ፣ ታካሚዋም እሺ ሳትል አይደረግም፤ በተደረገ ቁጥር ሌላ ሴት ባለሙያ በክፍሉ ውስጥ መኖር አለባት። ያለ ውስጥ ምርመራ የሚሠራው ሥራ ራሱ ሞልቶ የተረፈ ነው።

ለሆስፒታሉ አመራር የምታቀርቡት ማመልከቻ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የምትጠይቁት በር የሚዘጋ ክፍል፣ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን፣ አንድ አልጋ፣ መጋረጃ፣ የእጅ መስታወት፣ ጓንት፣ ቁልፍ ያለው የካርድ ሳጥንና በቅርብ ያለ ሽንት ቤት ብቻ ይሁን። ሽንት ቤቱን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ከክፍሉ 100 ሜትር ከራቀ ግን ሽንት የሚያጣድፋት ሴት ሁለተኛ አትመጣም። በሩ ላይ «የሽንት ችግር ክፍል» ብላችሁ አትለጥፉ። «ከወሊድ በኋላ ተሃድሶ» ወይም የክፍል ቁጥር ይበቃል።

ሪፈራል የሚመጣው በስብሰባ ላይ በመናገር አይደለም። ለአዋላጅ ነርሶቹ፣ ለማህፀን ሐኪሞቹና ለድኅረ ወሊድ ክትትል ክፍሉ ሦስት ጥያቄ የያዘች ትንሽ ወረቀት ስጧቸው፤ ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ጠብ ይላል? ሽንት ቤት ሳይደርሱ ያመልጣል? ከታች የወረደ ወይም የሚከብድ ነገር ይሰማል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ከተባለ ወደ እናንተ ይልካሉ። አጠያየቁን ራሱ አለማምዷቸው። «ሽንት መቆጣጠር አለመቻል አለብዎት?» ስትባል የማታፍር እናት የለችም፤ አብዛኛዋ «የለም» ብላ ታልፋለች። «እማማ፣ ሲያስሉ ጠብ ይላል እንዴ? የወለደ ሰው ላይ ያጋጥማል» ስትባል ግን ትናገራለች። በከሚሴና አካባቢው አፋን ኦሮሞ የምትናገር ሴት ስትመጣ አማቷን ወይም ባሏን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ሴት የጤና ባለሙያ ፈልጉ።

መልሳችሁ የምትልኳቸውንም ለዩ። ከወለደች ጀምሮ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ የሚፈስሳት ሴት ፊስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ) ሊኖርባት ይችላል፤ እሷን እንቅስቃሴ ማስተማር ጊዜ መግደል ነው። በተለይ ከወለደች ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆናት በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ ትንሽ ፊስቱላ ካቴተር ቶሎ ከገባለት ያለ ቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ይችላል። በሽንት ውስጥ ደም፣ የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ማለት፣ በመቀመጫና በብልት ዙሪያ መደንዘዝ፣ የወረደ ማህፀን ላይ ቁስል ካለም እንዲሁ ሐኪም ይቅደም። ለፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ከሐምሊን ፊስቱላ ማዕከላት አንዱ ባሕር ዳር ላይ ነው፤ ዋናው ሆስፒታል አዲስ አበባ ይገኛል። ታክማ የተመለሰችው ሴት ደግሞ የእናንተ ናት። ቀዳዳው ተዘግቶም ስታስል የሚያመልጣት አለች፤ በምጡ ነርቭ ተጎድቶ እግሯ የሚንጠለጠልባትም አለች፤ ለእግሯ ድጋፍ ደሴ ያለውን የአካል ተሃድሶ ማዕከል ጠይቁ።

ምዘናው በሽንት መዝገብ ይጀምራል። ለሦስት ቀን የሚሞላ ነው፤ ፊደል ለማትቆጥር እናት ግን ቅጽ ሰጥቶ መላክ ዋጋ የለውም። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ቁረጡና በ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አምስት ጊዜ ውሃ ጨምሩበት፤ 100 ሚሊ ሊትር ላይ በማርከር መስመር አድርጉ፤ እስከ 400 እንዲሁ ቀጥሉ። ወረቀቱ ላይ ቀኑን በሰዓት ሳይሆን በምታውቀው ነገር ክፈሉላት፤ ለሙስሊሟ በሱብሂ፣ በዙህር፣ በአስር፣ በመግሪብና በኢሻ፤ ለሌላዋ በቁርስ ቡና፣ በምሳ፣ ከብት በሚገባበትና በመኝታ። በሸናች ቁጥር አንድ ጭረት፣ ባመለጣት ቁጥር አንድ ክብ ታደርጋለች። የጎልማሳ ፊኛ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በየጊዜው 100 ሚሊ ሊትር ብቻ እየሸናች ቀን 12 ጊዜ የምትሄድ ከሆነ ችግሩ የጡንቻ ድክመት ሳይሆን የፊኛ መቸኮል ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን አለመኖሩን በሽንት ምርመራ ካረጋገጣችሁ በኋላ በሁለት ሽንት መካከል ያለውን ጊዜ በየሳምንቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እያስረዘማችሁ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ አድርሱት።

ለውጤት መለኪያ የካናዳው የሥራ ክንውን መለኪያ ይበቃችኋል። ታካሚዋ ያቃታትን ሥራ ራሷ ትመርጣለች፤ ክንውኗንና እርካታዋን ከ1 እስከ 10 ትሰጣለች፤ የ2 ነጥብ ለውጥ ትርጉም እንዳለው ይቆጠራል። ማህፀን ለወረደባት ደግሞ በአማርኛ ተተርጉሞ የተፈተሸ የኑሮ ጥራት መጠይቅ አለ፤ የራሳችሁን ትርጉም ከመፍጠር እሱን ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ጄሪካኑ እንምጣ፤ የወሎ ተዳፋት ላይ ከዚህ የበለጠ ዳሌን የሚጎዳ ሥራ ማግኘት ይከብዳል። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ጉዳቱ የሚብሰው ስትሸከመው ሳይሆን ከመሬት አንስታ ጀርባዋ ላይ ስታወጣው ነው፤ ትጎነበሳለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ታምጣለች፤ ግፊቱ በሙሉ ወደታች ይሄዳል። «ከባድ አታንሺ» ማለት ምክር አይደለም፤ ውሃውን ማን ይቅዳ? ከቦኖው አጠገብ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የድንጋይ እርከን ፈልጉ ወይም አስደርድሩ። ጄሪካኑን ባዶውን እዚያ ላይ አስቀምጣ ትሞላዋለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ጉልበቷን አጥፋ ትጠጋዋለች፤ ገመዱን ታስራለች፤ የዳሌ ወለሏን ወደ ላይ ሰብስባ ትንፋሿን እያወጣች በእግሯ ትነሳለች። ቤት ስትደርስም እንደዚያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ታወርዳለች። ባለ 10 ሊትር ጄሪካን ይሻላል፤ ነገር ግን መንገዱ ሩቅ ከሆነ ሁለት ጊዜ መመላለሱ እንዳይብስባት ርቀቱን ጠይቁ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ማን እንደሚቀዳላት ባልና አማት ባሉበት ተነጋገሩ፤ ለእሷ ብቻ ከተነገረ ቤት ሲደርስ ይቀራል።

ምጣዱም እንደዚሁ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ቁጢጥ ብሎ ግማሽ ቀን መጋገር ወደታች ይጎትታል፤ ጭሱ ደግሞ ያስላል፣ ሳሉ ሽንቱን ያፈስሳል። ስለዚህ ጭስ መውጫ መክፈት የዳሌ ወለል ሕክምና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቦታ ካለ ምድጃውን በጭቃና በድንጋይ ከፍ አድርጎ ቆሞ መጋገር ነው፤ የምጣዱ ከፍታ ከክርኗ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ካልተቻለ በዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሊጡን በሁለት ዙር ከፍላ በመካከሉ ጎኗን ታሳርፍ።

ቡና ላይ ብልህ ሁኑ። ካፌይን ፊኛን ያስቸኩላል፤ ቡና ተይ ማለት ግን ከጎረቤቷ መነጠል ነው። አቦሉን ለሌላ ሰጥታ ቶናውንና በረካውን ትጠጣ። ጫት የምትቅም ከሆነ ሳትፈርዱ ጠይቁ፤ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንትም ለመጀመር ያስቸግራል፤ ድርቀት ያለባት ሴት ደግሞ ስታምጥ የዳሌዋን ወለል በየቀኑ እየጎዳች ነው። ተልባ ከበቂ ውሃ ጋር፣ አትክልት፣ ከቁርስ በኋላ ሳይቸኩሉ ሽንት ቤት መቀመጥ ይረዳል። ጉልበቷ የማይታጠፍላት እናት ካለች አናጺ ቀዳዳ ያለው ወንበር ይሥራላት፤ ከፍታው ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፣ እግሩ ሰፋ ያለ፣ በሁለቱም ጎን መያዣ ያለው።

አምልኮን ሳትጠይቁ ምዘናው አላለቀም። ውዱዋ የሚበላሽባት ሴት ሰላት፣ ጠረኗን ፈርታ ከሰው የምትርቅ ሴት ደግሞ ቅዳሴ ትተዋለች፤ ይህንን ግን ካልተጠየቀች አትናገርም። የሃይማኖቱን ፍርድ ለሼሁና ለንስሐ አባቷ ተዉ። የእናንተ ሥራ ከሰላት በፊት መሽናትን፣ ቶሎ የሚቀየር ንጹሕ ጨርቅን፣ ሱጁድ ስትወርድና ስትነሳ መተንፈስን፣ ቅዳሴ ላይ በየመካከሉ መቀመጥን ማደራጀት ነው።

የዳሌ ወለል ማጠንከሪያ እንቅስቃሴው ራሱ ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱ የሚበዛውም ለዚህ ነው። የተለመደው መጠን ቢያንስ 8 ጊዜ መሰብሰብ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ነው። በ3 ሰከንድ ጀምራችሁ ወደ 10 አሳድጉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ እኩል እረፍት። ፈስ እንደሚያመልጣት አስባ ትሰብስበው፤ ወደ ላይና ወደ ውስጥ። ብዙዎች በተቃራኒው ይገፋሉ። በስስ ልብስ ላይ የራሷን እጅ ፐሪኒየሟ (በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ቦታ) ላይ አስደርጉ፤ ከእጇ ከራቀ ትክክል ነው፣ እጇን ከገፋው ቆሙና እንደገና አስረዱ። መቀመጫና ጭን ብቻ የሚጨብጡም አሉ፤ ትንፋሽ የሚይዙም። ሽንትን መሃል ላይ ማቋረጥ ጡንቻውን ለመለየት አንዴ ቢደረግ እንጂ ልምምድ አይሁን፤ ፊኛው ሳይጨርስ መቅረትን ይለምዳል። በግንኙነት ጊዜ የሚያማት፣ የግርዛት ጠባሳ ያለባት ወይም ስትነካ የምትደነግጥ ሴት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ማጠንከር አይደለም፤ በሆድ መተንፈስና ማላላት ነው። ጦርነቱ ባለፈበት አካባቢ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች እንዳሉ አስቡ። ዝርዝር አትጠይቁ፤ በሩ የትኛው እንደሆነ አሳዩዋት፤ «በማንኛውም ሰዓት ይበቃኛል ማለት ይችላሉ» በሉና እውነት አድርጉት።

ስድስት ወር ከሠራችሁ በኋላ የምታሳዩት መዝገብ ይኖራችኋል፤ ስንት ተላኩ፣ ከየት ክፍል፣ ስንት ተመልሰው መጡ፣ ነጥባቸው ምን ያህል ተቀየረ። በጀትና መደብ የሚጠየቀው በዚህ ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራን ጋር ሆናችሁ ለጥናት ማዋልም የምትችሉት ይህንኑ ነው፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ግን መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ውሰዱ።

ውጭ የሚሰጥ ማረጋገጫ ለምትፈልጉ፣ በአሜሪካ የሴቶች ጤና ክሊኒካል ስፔሻሊስት የሚባለው ለፊዚዮቴራፒስት ብቻ ነው፤ አታመልክቱ። የኸርማን ኤንድ ዋላስ ተቋም የዳሌ ተሃድሶ ማረጋገጫ ግን ለኦኩፔሽናል ቴራፒስትም ክፍት ነው፤ በዚሁ ዘርፍ 2,000 ሰዓት ቀጥተኛ የታካሚ ሥራ ይጠይቃል። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን እየሠራችሁ ይህ ዓመታት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ታካሚ ጀምሮ ቀኑን፣ የችግሩን ዓይነትና የፈጀውን ሰዓት፣ ያለ ስም፣ በደብተር ያዙ፤ የክፍሉ ኃላፊም በየወሩ ይፈርምበት።