የሌጎ ባቡር ቦጊና ማያያዣ፦ ልኩ ከኩርባው ይጀምራል

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን የወጣ ሰው ተሳቢ የሚጎትት መኪና ኩርባ ላይ የሚያደርገውን ያውቃል። ጋቢናው ሰፋ አድርጎ ይዞራል፤ የተሳቢው ሆድ ግን ወደ ውስጥ እየቆረጠ ዳሩን ጠርጎ ያልፋል። የባቡር ፉርጎም ሆዱን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። በሌጎ ጡብ (እየተገጣጠመ በሚሠራበት የፕላስቲክ መጫወቻ) የተሠራ ባቡር ከሐዲድ የሚወጣው፣ የሚላቀቀው፣ ጥግ ለጥግ የሚጋጨው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ የፉርጎውን ሣጥን አሳምሮ ጨርሶ በመጨረሻ ከሥሩ ቦጊ (ጎማዎቹን ይዞ ከፉርጎው ሥር የሚዞረውን ክፍል) መለጠፍ አያዋጣም። ኩርባውን ለኩ፣ ቦጊውንና ማያያዣውን አንድ ላይ አስቡ፣ ሣጥኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ

ጡቡ ላይ ያለችው ክብ ጉብታ ከአንዷ መሀል እስከ ቀጣዩዋ መሀል 8 ሚ.ሜ ናት። ስሱ ፕሌት 3.2 ሚ.ሜ፣ ጡቡ 9.6 ሚ.ሜ ይወፍራል፤ ሦስት ፕሌት አንድ ጡብ ማለት ነው። ቀጥ ያለው ሐዲድ 16 ጉብታ (128 ሚ.ሜ) ይረዝማል። የተለመደው ኩርባ ራዲየሱ 40 ጉብታ፣ ማለትም 320 ሚ.ሜ ሲሆን 16ቱ ሲገጠሙ ሙሉ ክብ ይሠራሉ።

በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 37.5 ሚ.ሜ ገደማ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ መስመር 1435 ሚ.ሜ ስለሆነ፣ ያንን ባቡር በጡብ ስትሠሩ መጠኑ 1 ለ38 አካባቢ ይሆናል። አሁን ኩርባውን በ38 አባዙት፦ 12 ሜትር። እውነተኛ የባቡር መስመር ግን የሚታጠፈው በመቶዎች ሜትር በሚቆጠር ራዲየስ ነው። ትልቁ ባቡር ማያያዣውን ሻሲው ላይ ይሸከማል ብላችሁ እናንተም እንደዚያው ብትሠሩ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። 23 ሜትር የሚረዝም የመንገደኛ ፉርጎ በዚህ መጠን 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ኩርባ አያስተናግደውም። ሁሉም ሰው ያሳጥራል፤ እናንተም አሳጥሩ።

ማያያዣው የት ይቀመጥ?

ለምሳሌ የሚሆነን ፉርጎ ሣጥኑ 28 ጉብታ ርዝመት፣ 6 ጉብታ ስፋት ያለው ነው። የሁለቱ ቦጊዎች እምብርት (ቦጊው የሚዞርበት ፒን) 16 ጉብታ ይራራቅ። በሁለት ፉርጎዎች መካከል 2 ጉብታ ክፍተት ይኑር። ማያያዣዎቹ የሚገናኙት እንግዲህ ከሣጥኑ ጫፍ 1 ጉብታ፣ ከእምብርቱ ደግሞ 7 ጉብታ (56 ሚ.ሜ) ርቀው ነው።

ማያያዣውን ሣጥኑ ላይ ካሰራችሁት ኩርባ ውስጥ ከሐዲዱ መሀል 16 ሚ.ሜ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለት ጉብታ ሙሉ! አንዱ ፉርጎ ገና ቀጥታው ላይ፣ ሌላው ኩርባው ውስጥ ሲሆን የማያያዣዎቹ ማግኔቶች ጎን ለጎን ይሳሳታሉ፤ ወይ ይላቀቃሉ ወይ ቀላሉን ፉርጎ ከሐዲድ ያነሱታል። ይኸው ማያያዣ ቦጊው ላይ ሲታሰር ግን መውጫው 4 ሚ.ሜ ብቻ ነው፤ ቦጊው ኩርባውን ተከትሎ ስለሚዞር።

የሣጥኑ ጥግም እንዲሁ። በዚያው የ2 ጉብታ ክፍተት፣ ማያያዣው ሣጥኑ ላይ ከሆነ የውስጠኞቹ ጥጎች በኩርባው ላይ ይጋጫሉ። ቦጊው ላይ ከሆነ በጥጎቹ መካከል 3 ሚ.ሜ ያህል ይተርፋል። ፉርጎውን ወደ 8 ጉብታ ካሰፋችሁት ግን ይህም አይበቃም፤ ክፍተቱን 3 ጉብታ አድርጉ።

ለሌላ ርዝመት ስታሰሉ ሁለት ቀመር ይበቃችኋል። የሆዱ ወደ ውስጥ መግባት፦ በእምብርቶቹ መካከል ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ፣ ለራዲየሱ 8 እጥፍ ይካፈላል። ለምሳሌያችን 128 × 128 ÷ 2560 = 6.4 ሚ.ሜ። እምብርቶቹን 24 ጉብታ ብታራርቁ 14.4 ሚ.ሜ ይሆናል፤ ከሐዲዱ ዳር የቆመ ምሰሶ ወይም ጣቢያ ካለ ይመታል። የጫፉ ወደ ውጭ መውጣት ደግሞ፦ ከፉርጎው መሀል እስከ ጫፉ ያለው በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ ላይ ከመሀል እስከ እምብርት ያለው በራሱ ተባዝቶ ይቀነስና፣ ለራዲየሱ 2 እጥፍ ይካፈላል። ሁሉንም በሚሊ ሜትር ሥሩ።

ቦጊውን መሥራት

ለአንድ ቦጊ የሚያስፈልገው፦ የባቡር ጎማና አክስል ከነመያዣው 2፣ መያዣዎቹን ከላይ የሚያስር 4×8 ፕሌት 1፣ መሀሉ ቀዳዳ ያለው 2×2 ፕሌት 1፣ ፒን 1፣ ልሙጥ (ጉብታ የሌለው) 1×2 ፕሌት 2፣ አንድ ማያያዣ።

አክስሎቹን 6 ጉብታ አራርቁ። 5 ብታደርጉት የቦጊው መሀል ግማሽ ጉብታ ላይ ይወድቅና 2×2ው ፕሌት መሀል ላይ አይቀመጥም፤ እምብርቱ ወደ አንድ ወገን ያደላ ቦጊ ደግሞ ወደ ፊት ደህና ሄዶ ወደ ኋላ ሲገፋ ይወድቃል። መያዣዎቹን ከፕሌቱ ጋር ስታስሩ አክስሎቹ ትይዩ መሆናቸውን በማስመሪያ አረጋግጡ። አንዷ ጉብታ በደንብ ሳትገባ ከቀረች አክስሉ በጥቂቱ ይጣመማል፣ ባቡሩም ሁልጊዜ አንዱን ሐዲድ እያሸ ይሄዳል።

ፒኑን በቀለሙ ምረጡ። ጥቁሩ ፒን ሆን ተብሎ እንዲጠብቅ ጎኑ ላይ ሸንተረር አለው፤ ግራጫው ግን ልሙጥ ነው። ለእምብርት የሚሆነው ግራጫው ነው። ጥቁሩን ካስገባችሁ ቦጊው ከኩርባ ሲወጣ ወደ ቀጥታው አይመለስም፤ ጎማው ቀጣዩ የሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ይወጣና ፉርጎው ይተኛል። ቦጊውን በጣት ጠምዝዛችሁ ስትለቁት ያለ ምንም መንተፋተፍ መዞር አለበት። አስመስለው የተሠሩ ርካሽ ጡቦች ለሣጥኑ ይሁኑ፤ ለእምብርቱና ለመያዣዎቹ ግን አንዱ ጠብቆ አንዱ ስለሚላላ ባትጠቀሙባቸው ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይህ ነው፦ ሁለቱን ቦጊዎች አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት። አራት እግር ያለው በርጩማ ወጣ ገባ ወለል ላይ ይንገዳገዳል፣ ባለ ሦስት እግሩ ግን የትም ይቆማል። ፉርጎውም በሦስት ነጥብ ይቁም። በአንደኛው ቦጊ ላይ ልሙጦቹን 1×2 ፕሌቶች ከፒኑ ግራና ቀኝ አስቀምጡ፤ ሣጥኑ እነሱ ላይ ተንሸራቶ ይዞራል፣ ወደ ጎን ግን አይወዛወዝም። በሌላኛው ላይ ልሙጦቹን አስቀሩና ሣጥኑ በመሀሉ ፕሌት ብቻ እንዲያርፍ አድርጉ፤ ግራና ቀኝ በትንሹ ይዘንበል። ሐዲዱ ሊሾ ላይ ሲዘረጋ መጋጠሚያው ሁሉ እኩል አይሆንም፤ ይህን የሚችለው እንዲህ የተሠራ ፉርጎ ነው።

በዚህ ኩርባ ላይ ቦጊው ከሣጥኑ አንጻር 11.5 ዲግሪ ይዞራል። የማያያዣው ክንድ በሣጥኑ ጫፍ በኩል በየአቅጣጫው 10 ሚ.ሜ ገደማ ይሄዳል ማለት ነው። ክንዱ 2 ጉብታ ከሰፋ 5 ጉብታ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ከ6 ጉብታው ፉርጎ ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ጉብታ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ጫፉ ላይ መወጣጫ ደረጃ ወይም ሌላ ጌጥ ካማራችሁ ከክንዱ በላይ ስቀሉት።

ማግኔት ወይስ ዘንግ?

ማግኔቱ ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። እንደተገጠመ የሚቆይ ባቡር ከሆነ ማግኔቱን ለሎኮሞቲቩና ለመጀመሪያው ፉርጎ ብቻ አድርጉና የቀሩትን ቀዳዳ ባለው ስስ ዘንግ ከቦጊ ወደ ቦጊ አያይዙ። ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ግማሽ ፕሌት ያህል ይላላ። ጉድለቱ ወደ ኋላ ሲገፋ ነው፦ ዘንጉ ሁለት መዞሪያ ስላለው እንደ ጉልበት ይታጠፋል። ባቡራችሁ የሚገፋ ከሆነ ማግኔቱ ይሻላል። የመንገደኛ ባቡር ከሆነ ደግሞ ሁለት ፉርጎ አንድ ቦጊ ላይ ማሳረፍም ይቻላል፤ ማያያዣ አይፈልግም፣ ግን አንዱን ፉርጎ ብቻውን ማንሳት አትችሉም።

የማግኔቱ ቁመት በሁሉም ፉርጎ አንድ ይሁን፤ ከሐዲዱ ጫፍ እስከ ማግኔቱ መሀል በማስመሪያ ለኩ። የአንድ ፕሌት ልዩነት ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ዳገት መጀመሪያ ላይ ግን አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሲል ይላቀቃሉ። ዳገት ስትሠሩ በየአንዱ ቀጥታ ሐዲድ አንድ ፕሌት ከፍ አድርጉ፤ 2.5 ከመቶ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሐረጎን መድገም ነው፤ ሞተሩ ቢችል ማግኔቱ አይችልም።

ልቅ ማግኔት ገዝታችሁ ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ የእያንዳንዱ ፉርጎ አንድ ጫፍ ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ ይሁን፤ ፉርጎውን ዞር ካደረጋችሁት ይገፋፋሉና አቅጣጫውን ከሥሩ ምልክት አድርጉበት። ሕፃን ባለበት ቤት ግን ልቅ ማግኔት አታስገቡ። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ተጣብቆ ሊበሳ ይችላል፤ ከተዋጠ ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው።

ፍተሻ

ባቡሩን በሞተር ከመሞከራችሁ በፊት በጣት ግፉት፤ ያውም ወደ ኋላ፣ ያውም አንድ የግራ ኩርባ ከአንድ የቀኝ ኩርባ ጋር ቀጥታ ሐዲድ ሳይገባበት ተገጥሞ። ያንን ካለፈ ሌላውን ያልፋል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከወደቀ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው። ያው ፉርጎ የተለያየ ቦታ ላይ ከወደቀ ቦጊውን ፍቱ። ረጅም ባቡር ኩርባ ላይ መሀሉ ወደ ውስጥ ከተኛ ቀላሉ ፉርጎ ከሎኮሞቲቩ አጠገብ ገብቶ ነው፤ ከባዱን ወደ ፊት አምጡ፣ ወይም በቀላሉ ውስጥ ከቦጊዎቹ በላይ ጥቂት ሮንዴላ ጨምሩ፤ ብረት ስለሆነ ከማግኔቱ ይራቅ። ሎኮሞቲቩ ራሱ ጎማው እየተሽከረከረ ካልሄደ የባትሪውን ሣጥን በሞተሩ ቦጊ ላይ አሳርፉ።

ለመጎተት የሚከብድ ፉርጎ ለመለየት ሁሉንም በአንድ ተዳፋት ላይ ተራ በተራ ልቀቁ። ቀድሞ የቆመው አክስሉ ላይ ክር ተጠምጥሞበት ይሆናል፤ ወለል ላይ ለሚጫወት ባቡር የጋቢ እና የምንጣፍ ክር ዋና ጠላት ነው። በመርፌ ጫፍ አውጡት። ዘይት አትቀቡ፤ አቧራውን ሰብስቦ ሊጥ ያደርገዋል።